በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ የአዲስ ሞዴል የኋላ መብራት ስለ መግጠም

የመለዋወጫ ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በስሙና በዋጋው ነው። ዕቃው ከሱቁ ወጥቶ በመኪና ላይ ከተገጠመ በኋላ የሚሠራውን ሥራ የሚያውቀው ገጣሚው ነው። ዳሩ ግን ዕቃው አልስማማ ያለ እንደ ሆነ ገዢው ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሻጩ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ አገጣጠም በመጠኑ ማወቁ ለገበያው ይጠቅመዋል፤ ከገዢው የተቀበለውንም አደራ ያስጠብቀዋል።

ለዚህ ጥናት የተመረጠው ምሳሌ የአውቶሞቢል የኋላ መብራት ነው። የድሮ የስፖርት አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች ኋላ የወጣውን ሞዴል መብራት ለመግጠም የሚፈልጉበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፤ የአዲሱ መልክ ስለሚያምራቸው ነው። ሁለተኛ፤ የድሮው መብራት ሽፋን በፀሐይ ደብዝዞ ወይም ተሰንጥቆ ምትኩን ማግኘት ስለሚያስቸግራቸው ነው። ሦስተኛ፤ አዲሱ ከሩቅ ይበልጥ ይታያል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ሥራው ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ጋራዥ ሳይሄዱ በቤታቸው ይሠሩታል። በእርግጥም በቤት ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ነገር ግን መብራት በራ ማለት በትክክል ተገጠመ ማለት አይደለም።

የኋላ መብራት የሚናገረው

የኋላ መብራት ጌጥ ሳይሆን ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር የሚነገር ቃል ነው። ቃሎቹም አራት ናቸው። ቋሚው ቀይ ብርሃን በሌሊት «መኪና እዚህ አለ» ይላል። ፍሬን ሲያዝ የሚጨመረው ደማቅ ቀይ ብርሃን «መቆሜ ነው» ይላል። የሚብለጨለጨው ፍሬቻ መታጠፍን ያስታውቃል። ነጩ ብርሃን ደግሞ ወደ ኋላ መመለስን ያመለክታል። ከእነዚህ ሌላ በሽፋኑ ውስጥ የሌላውን መኪና ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ክፍል አለ፤ ይህ ያለ ኤሌትሪክ ስለሚሠራ ባትሪው ሞቶ መንገድ ዳር የቆመችውን መኪና ሳይቀር ያሳያል።

ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ከፊቱ ያለውን ሰው አሳብ ሊያውቅ የሚችለው በእነዚህ መብራቶች ብቻ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ያልፋል። እንግዲህ የፍሬኑ መብራት ቢዘገይ፤ ቢደበዝዝ ወይም ከቋሚው ብርሃን ተለይቶ ባይታወቅ፤ የሚጠፋው ጊዜ በሜትር ተቈጥሮ በሰው ሕይወት ይከፈላል።

የተመረጠው አውቶሞቢል

ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት ኤም ጂ ቢ የተባለችውን የእንግሊዝ ስፖርት አውቶሞቢል መመልከት ይጠቅማል። ይህች አውቶሞቢል በእንግሊዝ አገር አቢንግደን በተባለው ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስትሠራ ቈይታ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ለገበያ ቀርባለች። እጅግ ብዙዎቹም ወደ አሜሪካ ተልከዋል። ለ1970 ሞዴል የኋላ መብራቶቿ ተለውጠው ከቀድሞዎቹ ይልቅ ማዕዘናቸው ጐላ ብሎ ወጣ። የቀድሞዎቹን መኪናዎች ከያዙት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህንኑ የኋለኛውን መብራት ይወዱታል።

ስለዚህች አውቶሞቢል ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ፋብሪካው በ1980 ሥራውን ቢያቆምም፤ በ1988 የመኪናይቱ ሙሉ የብረት አካል እንደ መለዋወጫ ዕቃ እንደ ገና መሠራት ጀመረ። አንድ መኪና መሠራቱ ቢቀር የመለዋወጫው ንግድ አብሮ እንደማይቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል። እንዲያውም መኪናው ባረጀ ቍጥር ገዢው ይበልጥ መራጭና ጠያቂ ይሆናል።

ከመግዛት በፊት የሚታይ

ገዢው ዕቃውን ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ማጣራት ይገባዋል።

1ኛ/ የግራና የቀኝ ነገር። የመኪና ግራና ቀኝ የሚባለው በሾፌሩ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ለሚመለከት ሰው ነው። ከመኪናው ኋላ ቆሞ የሚያዝ ሰው ያገላብጠዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ግራ ወይም ሁለት ቀኝ ተሸጦ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መብራቱን በጥንድ መግዛት ይሻላል፤ አንዱ አሮጌ ሌላው አዲስ የሆነ እንደ ሆነ ቀለማቸውም ድምቀታቸውም አይመሳሰልም።

2ኛ/ የመቀመጫው ልክ። የአሮጌው መብራት መቀመጫ በካርቶን ላይ ተነድፎ፤ የብሎኖቹና የሽቦው ቀዳዳ ምልክት ተደርጎ ከአዲሱ ጋር ይተያያል። አዲሱ መብራት በአሮጌው ቀዳዳ ልክ ከተቀመጠ መልካም ነው። ካልተቀመጠ ግን ላሜራውን በትራፓኖ ከመብሳት በፊት ለዚያው ሞዴል የሚሆን ሌላ መቀመጫ መፈለግ ይሻላል። አንድ ጊዜ የተበሳ ላሜራ ዝገት ይገባዋል፤ የድሮ መኪና ዋጋም በቀዳዳው ቍጥር ይቀንሳል። ደህናውን ላሜራ ያለ ችግር መብሳት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

3ኛ/ በሽፋኑ ላይ የተቀረጸው ምልክት። በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቍጥር ያለበት ሽፋን በአውሮፓ ደንብ የተፈቀደ ነው። ቍጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፤ 2 ፈረንሳይ፤ 3 ኢጣልያ፤ 4 ኔዘርላንድ፤ 11 እንግሊዝ ነው። ቍጥሩ ዕቃው የተሠራበትን አገር አያመለክትምና በዚህ መሳሳት አይገባም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ሽፋን «ኤስ ኤ ኢ» ወይም «ዲ ኦ ቲ» የሚል ምልክት ይኖረዋል። በአሜሪካ ሕግ የኋላ ፍሬቻ ቀይ ቢሆን ይፈቀዳል፤ በአውሮፓ ደንብ ግን ብርቱካንማ መሆን አለበት። ስለዚህ መልኩ አንድ የሆነ መብራት የተሠራለት ገበያ ልዩ ሊሆን ይችላል።

4ኛ/ አምፑሉ። የድሮው የፍሬንና የቋሚው ብርሃን አምፑል ብዙ ጊዜ ሁለት ክር ያለበት 21 እና 5 ዋት ነው። የፍሬቻው አንድ ክር ያለበት 21 ዋት ነው። አዲሱ መብራት የሚወስደው አምፑል ከዚህ ልዩ የሆነ እንደ ሆነ ፊውዙና ፍላሸሩ ሊበቁት ወይም ሊስማሙት መቻላቸው አስቀድሞ ይታሰባል።

ሥራው በየተራ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከባትሪው አንዱ ሽቦ ይፈታል፤ ይኸውም ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የማሳው ሽቦ ነው። ከዚህ በኋላ የአሮጌው መብራት ሽፋን ይወልቃል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ከየትኛው አምፑል እንደሚመጣ በወረቀት ላይ ተጽፎ በሽቦው ላይ ይለጠፋል። ፎቶግራፍ ማንሳትም ይረዳል። ከዚያም ከኋላው የዕቃ ክፍል በኩል ዳዶዎቹ ተፈትተው መብራቱ በሙሉ ይወጣል። የዛገ ዳዶ በግድ የተጠመዘዘ እንደ ሆነ ብሎኑ ይሰበራልና ዘይት ተቀብቶ ጥቂት ጊዜ መታገሥ ይሻላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

መብራቱ የነበረበት ቦታ ይጠረጋል፤ ዝገት ያለ እንደ ሆነ ተፍቆ ይቀባል። የአዲሱ መብራት ጐማ በላሜራው ላይ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ መብራቱ ይቀመጥበታል። ዳዶዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተራ በተራ በልክ ይጠብቃሉ። ከልክ በላይ የጠበቀ ዳዶ ሽፋኑን ይሰነጥቃል፤ ከልክ በታች የላላውም ውሃ ያስገባል። ከሽፋኑ በታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለ እንደ ሆነ ወደ ታች መመልከቱ ይጣራል፤ ወደ ላይ የዞረ እንደ ሆነ ውሃን ማስወጣቱ ቀርቶ ያጠራቅማል።

ሽቦዎቹ የሚገናኙት በቀለማቸው ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩት የእንግሊዝ አውቶሞቢሎች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። ቀይ ሽቦ የቋሚው የሌሊት ብርሃን ነው። ሐምራዊ መሥመር ያለበት አረንጓዴ የፍሬን ነው። ቀይ መሥመር ያለበት አረንጓዴ የግራ ፍሬቻ፤ ነጭ መሥመር ያለበት አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ ነው። ቡናማ መሥመር ያለበት አረንጓዴ የኋላ ማርሽ መብራት ነው። ጥቍሩ ማሳ ነው። ሆኖም ከሃምሳ ዓመት በላይ በኖረ መኪና ላይ ስንት እጅ እንዳለፈ ስለማይታወቅ፤ ቀለሙን አምኖ ከማሰር ይልቅ በቴስተር ማረጋገጥ ያሻል። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም፤ በተገቢ ማገናኛ ተይዞ ከውሃ መጠበቅ አለበት።

ሁለት ክር ያለበት አምፑል ሁለቱ እግሮቹ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። እንዲህ የተደረገው ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። በግድ የገባ ወይም ሽቦው የተለዋወጠ እንደ ሆነ፤ 21 ዋቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የሚጨመረው 5 ዋት ብቻ ይሆናል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ምንም ለውጥ አያይም፤ የመብራቱም ሽፋን በሙቀቱ ይጐዳል። መብራቱ በርቶ ሳለ አደገኛ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ስለ ማሳ

የድሮ መኪና መብራት ሕመም አብዛኛው ከማሳ የሚመጣ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው ብረት በኩል ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ላሜራ ኤሌትሪኩን አያሳልፍም። ምልክቱም የታወቀ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ወይም ፍሬቻው ሲሠራ ቋሚው ቀይ ብርሃን አብሮ ይንቀጠቀጣል። ኤሌትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፑል በኩል መንገድ ስለሚፈልግ ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፤ አምፑል ከመለወጥ በፊት ማሳውን መመርመር ይገባል። የሚሻለው መድኃኒት ከእያንዳንዱ መብራት አንድ ጥቍር ሽቦ አውጥቶ፤ ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር ነው።

ቮልት መጉደሉም ቀላል ነገር አይደለም። ክር ያለበት አምፑል ከሚደርሰው ቮልት አንድ አሥረኛው ቢጐድል፤ ብርሃኑ ግን ከሲሶ ብዙም ባላነሰ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ መብራት ገዝቶ ከአሮጌ ደካማ ሽቦ ጋር ማገናኘት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜም «አሮጌው መብራት ደክሞአል» የተባለበት መኪና ሽቦውና ማሳው ሲታደስ መብራቱ ደህና ሆኖ ይገኛል።

ስለ ኤል ኢ ዲ አምፑል

በዛሬው ጊዜ ብዙዎች መብራቱን ሲለውጡ አምፑሉንም በኤል ኢ ዲ ይለውጣሉ። ኤል ኢ ዲ እውነተኛ ጥቅም አለው። ክር ያለበት አምፑል እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ከእርሱ 0.2 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ይበራል። ይህም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ከ4 ሜትር በላይ ማለት ነው። ነገር ግን በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ሦስት እንቅፋት አለበት።

የመጀመሪያው የባትሪው አቅጣጫ ነው። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ማሳቸው የባትሪው ፖዚቲቭ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን ኔጋቲቭ ነው። ክር ያለበት አምፑል በሁለቱም አቅጣጫ ይበራል። ኤል ኢ ዲ ግን ኤሌትሪኩን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፤ ለኔጋቲቭ ማሳ የተሠራው በፖዚቲቭ ማሳ ላይ ቢገባ ወይ አይበራም ወይ ይበላሻል። ብዙ ባለቤቶች መኪናቸውን ከጊዜ በኋላ ወደ ኔጋቲቭ ስለ ለወጡት በዓመተ ምሕረቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዚቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፍላሸሩ ነው። የድሮው ፍላሸር የሚሠራው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱንም የሚያገኘው ከአምፑሎቹ ጭነት ነው። በአንድ ወገን ከፊትና ከኋላ ሁለት ባለ 21 ዋት አምፑሎች ሲኖሩ ድምሩ 42 ዋት፤ በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ይሆናል። ኤል ኢ ዲ የሚወስደው ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ፍላሸሩ ወይ አይብለጨለጭም ወይ ፍጥነቱ ይዛባል። አንዳንዶች ለዚህ መፍትሔ 6 ኦም የሆነ መከላከያ በሽቦው ላይ ይጨምራሉ፤ ይህ ግን በ12 ቮልት 24 ዋት ሙቀት ያወጣልና ከፕላስቲክና ከምንጣፍ አጠገብ ቢቀመጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የሚሻለው ፍላሸሩን በጭነት በማይመራ ባለ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር መለወጥ ነው፤ እርሱም ከማሳው አቅጣጫ ጋር የሚስማማ ይሁን።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ ከቀይ ሽፋን በስተ ኋላ ሲቀመጥ፤ በብርሃኑ ውስጥ ያለው ቀይ ጥቂት ስለሆነ ሽፋኑ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ ለቀይ ሽፋን ቀይ፤ ለብርቱካንማ ሽፋን ብርቱካንማ አምፑል መምረጥ ይገባል። ደግሞም የመብራቱ ጐድጓዳ መስተዋት የተሠራው ለአንድ ትንሽ ክር ነውና፤ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚረጭ አምፑል ከቅርብ ደምቆ ከጐን ሊጠፋ ይችላል።

ፈተናው

ሥራው ተፈጽሞአል የሚባለው ከተፈተነ በኋላ ነው። ባትሪው ከታሰረ በኋላ አንድ ሰው በሾፌሩ ቦታ ተቀምጦ ሌላው ከኋላ ይቆማል። መጀመሪያ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድነት ይፈተናሉ። የሌሊቱ ብርሃን በርቶ፤ ፍሬን ተይዞ፤ ፍሬቻም እየሠራ ሳለ አንዱ መብራት ሌላውን የሚነካ እንደ ሆነ የማሳ ጕድለት አለ ማለት ነው። ፈተናው በቀን በጠራራ ፀሐይና በሌሊት መደረግ አለበት፤ ከኋላ የሚያየውም ሰው 30 እርምጃ ያህል ርቆ፤ በግራም በቀኝም ወገን ቆሞ ይመልከት። ከመኪናው አጠገብ ሆኖ «በርቶአል» ማለት ምስክርነት አይሆንም። በመጨረሻም ውሃ ፈስሶበት ከውስጥ ርጥበት ያለመግባቱ ይታያል።

ከዚህም ጋር የአገሩን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ለተሠሩ አውቶሞቢሎች የጐን ምልክት በሕግ እንዲኖር ስለ ታዘዘ፤ መብራቱን የለወጠ ሰው ይህን ማጥፋት አይፈቀድለትም። በየትም አገር ቢሆን በዓመታዊ ምርመራ ላይ የሚታየው የመብራቱ ውበት ሳይሆን ቀለሙ፤ ድምቀቱና ቦታው ነው። የወጣው አሮጌ መብራት አይጣልም፤ ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጣል፤ መኪናው የሚሸጥበት ቀን ሲመጣ ገዢው ሊጠይቀው ይችላልና።

ለነጋዴው የሚተርፈው ትምህርት

በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፤ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ግድ ሆኖአል። እነዚህ መኪናዎች ስፖርት አውቶሞቢል ባይሆኑም፤ የአንዱን ሞዴል መብራት በሌላው ላይ የመግጠሙ ነገር ያው አንድ ነው። ስለዚህ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዓመት፤ የዕቃውን ቍጥር፤ ወገኑን፤ የሽፋኑን ምልክትና የአምፑሉን ዓይነት በትእዛዙ ላይ ቢጽፍ ከብዙ ክርክር ይድናል።

ባለ ሱቁም በበኩሉ ለገዢው አምስት ጥያቄ ያቅርብለት፤ መኪናው የስንት ዓመት ሞዴል ነው፤ የትኛው ወገን ነው፤ አሮጌው መብራት ይዞ መጥቶአል ወይ፤ አምፑሉ ባለ ክር ነው ወይስ ኤል ኢ ዲ፤ የሚገጥመውስ ማን ነው። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ይሆናል» ብሎ መሸጥ ለአንድ ቀን ገበያ ይጠቅም ይሆናል፤ ያልተስማማ ዕቃ ግን ወይ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ወይ ሳይመለስ በመንገድ ላይ ጕዳት ያደርሳል። የሁለተኛው ዕዳ በደረሰኝ የሚታረም አይደለም።

መብራቱን የሚገዛው ባለ መኪናው ነው፤ የሚጠቀምበት ግን ከኋላው የሚመጣው የማይታወቅ ሰው ነው። ያ ሰው ወደ ሱቅ ገብቶ አይመርጥም፤ ዋጋም አይከራከርም፤ የሚያምነው የሻጩን ቃልና የገጣሚውን እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የኋላ መብራት የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳቡን ከሚከፍለው ገዢ ባሻገር ስለዚያ ሰውም አስቦ ዕቃውን ቢያቀርብ፤ ንግዱ ይከበራል፤ መንገዱም ይጠበቃል።